«ጸደቅን» ስንል ተባልን ነው ወይስ ሆንን?

ጥያቄ፦ «በእምነት ጸደቅን» ሲባል ጻድቅ ተባልን ነው ወይስ ጻድቅ ሆንን? ከ«ተቀደስን» ጋርስ አንድ ነው? አስተማሪዎች እያቀያየሩ ሲጠቀሙባቸው እሰማለሁ።

መልስ፦ ይህ ማቀያየር እኔንም ሲያናድደኝ የኖረ ነገር ነው። ሁለቱ ግሦች የተወለዱበት ቤት ለየቅል ነው።

«ጸደቀ» የሸንጎ ቃል ነው። ተቃራኒውን ተመልከቱ፤ ጽድቅና ኩነኔ እንላለን። «ኰነነ» በግእዝ ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው። «መኰንን»ም ከዚያው ወጥቷል። ዛሬም ምክር ቤት አዋጅ ሲያጸድቅ እጅ የሚያወጣው ረቂቁን ለማሳመር አይደለም፤ ተቀባይነት ሊሰጠው ነው። በሉቃስ 7፥29 ደግሞ ቀራጮች ሳይቀሩ «እግዚአብሔርን አጸደቁ» ይላል። መቼም ቀራጭ እግዚአብሔርን ጻድቅ አደረገው አይባልም! ትክክል ነህ አሉት፣ በቃ።

«ቀደሰ» ግን የቤተ መቅደስ ቃል ነው። ለየ፣ ለአምላክ አደረገ ማለት ነው። ቅዱስ፣ ቅዳሴ፣ መቅደስ ሁሉም ከዚሁ ነው፤ የዕብራይስጡ ቃዶሽም ወንድማቸው ነው። ዕቃ ይቀደሳል፣ ቀንም ይቀደሳል። ሰንበት ተቀደሰች እንላለን። ሰንበት ጸደቀች ያለ ሰው ግን አልሰማሁም፤ ሰንበት ምን ኃጢአት አለባትና?

«ችግኝ ጸደቀ እንል የለም ወይ? እንግዲያው መጽደቅ ቀስ በቀስ ማደግ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ችግኝ ጸደቀ የሚባለው ሥር ይዞ ከመድረቅ ሲተርፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ማደግ እንጂ መጽደቅ አይባልም። ለማደጉ «መቀደስ»ን ቢወስዱልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አምንላቸዋለሁ። የግእዙ «ጸድቀ» እውነተኛ ሆነ፣ ጻድቅ ሆነ ማለትም ነው። አማርኛውም እንደ «ተቀደሰ» የተደራጊ «ተ» ስለሌለው ፈራጁን ይደብቃል። ስለዚህ «ጸደቅን» ሲባል ጆሮ «ሆንን» ብሎ ቢሰማ አይገርምም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤም በ1547 እ.ኤ.አ. መጽደቅ የኃጢአት ስርየት ብቻ ሳይሆን መቀደስና መታደስም ነው ብሏል። የፕሮቴስታንቱ የሉተር ወገኖች ግን ሁለቱን ለይተው ያዩታል። ይህን ክርክር ሰዋስው አይፈታውም። ጳውሎስ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥11 «ተቀድሳችኋል፥ ጸድቃችኋል» ብሎ መቀደስን አስቀድሟል። መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ እያልን ደረጃ ለምንሠራ ሁሉ ራስ ምታት ነው።

ሕዝቡ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። «ለጽድቅ ብዬ ነው» የሚል ሰው የሚያስበው ከሞት በኋላ የሚያገኘውን ዋጋ ነው። «ጸደቀ» ለእሱ ገነት ገባ ነው። ጳውሎስ ግን ብዙ ጊዜ ጽድቁን ያለቀ ጉዳይ አድርጎ በኃላፊ ጊዜ ይጽፈዋል። ግራ መጋባቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

የመቀደስን ሂደት «ቅድስና» ማለትም አልወድም። ቅድስና የሁኔታ ስም ነው፤ ድርጊቱ «መቀደስ» ነው። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥3 እንኳ «መቀደሳችሁ» ነው የሚለው። ግን «የቅድስና ሕይወት» በየስብከቱ ሥር ሰዷል። እሺ፣ ይሁን። በፀሐዩ «ፀ» «ፅድቅ» ብሎ መጻፍን ግን እኔ በሕይወት እያለሁ አልቀበልም።