የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ፋኑ እየሠራ ክፍሉ ለምን ያፍናል?

ጥያቄ (ከጅማ፣ ጅሬን)
ጤና ይስጥልኝ። በግቢያችን ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን እኔና ባለቤቴ ስፖርት መሥሪያ አድርገነዋል። 4 በ3.5 ሜትር ነው፤ ከፍታው 2.6። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። በመስኮቱ ላይኛው ክፍል አየር ማስወጫ ፋን አስገጥመናል፤ ቋሚ ቬንትሌተርም አለን። ሆኖም ትሬድሚሉ ላይ 20 ደቂቃ ሳንቆይ ያፍነናል። ልጆች ወደ ማሽኑ እንዳይመጡ በሩን እንዘጋለን። ምን ይሻላል?

መልስ
ፋናችሁ አልተበላሸም፤ የጎደለው የአየር መግቢያ ነው። በሩ ሲዘጋ ፋኑ ከሥሩ ካለው የመስኮት ክፍተት የውጪውን አየር ስቦ ወዲያው መልሶ ያስወጣዋል፤ ትሬድሚሉ ጋ ያለው አየር ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መስኮቱንም ብትዘጉት ይጮኻል እንጂ አይሠራም፤ ያልገባ አየር አይወጣምና። ቋሚው ቬንትሌተር ደግሞ ላባችሁን እያደረቀ እናንተን ያቀዘቅዛል እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም።

ቁጭ ካለ ሰው ሰውነት 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ጠንከር ያለ ስፖርት የሚሠራ ሰው ግን የዚህን 5 እና 6 እጥፍ ያወጣል። ሁለታችሁ ስትሠሩ ክፍሉ ከ10 በላይ ሰው ታጭቆ የተቀመጠበት ያህል ይሞቃል፤ የትሬድሚሉ ሞተር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በሰዓት 1,000 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያወጣ ፋን ያስፈልጋችኋል። እንዲህ ያለው የክፍሉን 36 ሜትር ኩብ አየር በየ2 ደቂቃው ይቀይረዋል። ሳጥኑ ላይ በሲኤፍኤም (CFM፣ ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) ከተጻፈ ወደ ሜትር ኩብ በሰዓት ለመለወጥ ቁጥሩን በ1.7 አባዙት። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው የመታጠቢያ ቤት ፋን ለዚህ አይበቃም፤ 30 ሳንቲ ሜትሩን ፈልጉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ ከቆላው ይሳሳል፤ የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። በሁለት መጠን መካከል ካመነታችሁ ትልቁን ግዙ።

ፋኑን ከመስኮቱ አንሡና ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት። ቢሙን ሳትነኩ ከሥሩ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ብታወጡ 40 በ40 የሆነ ቀዳዳ ይበቃል። የጅማ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ በጎን ስለሚገባ ከውጪ 30 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ የላሜራ ክዳን አድርጉለት። መግቢያው በሩ ታች ይሁን፦ የብረት በር ከሆነ 80 በ60 ሳንቲ ሜትር ላሜራ አስቆርጣችሁ በፍርግርግና በትንኝ ወንፊት ተኩት። ይህ የበዛ አይምሰላችሁ፤ ወንፊቱ የቀዳዳውን እስከ ግማሽ ይበላል፤ አቧራ ሲይዝም ይደፈናልና በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ፋኑ ሲሠራ መስኮቱ ዝግ ይሁን። መሥራቱን ለማረጋገጥ ቁራጭ ሶፍት ፍርግርጉ ላይ ያዙ፤ ወደ ውስጥ ካልተሳበ የሆነ ቦታ ሌላ ክፍተት አለ።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባችሁ። ሰርቪስ ክፍሎች ተደርድረው ስለሚሠሩ ጎረቤቱ ክፍል ብዙ ጊዜ ማድ ቤት ነው። ፋኑ የሚስበውን አይመርጥም። በሩ አጠገብ የቡና ከሰል ከተቀጣጠለ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ስፖርት የሚሠራ ሰው ደግሞ ብዙ አየር ስለሚስብ ቶሎ ይመረዛል። ከሰሉም ሆነ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ከመግቢያው ርቆ በሌላ አቅጣጫ ይቀመጥ። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ማራቅ ካልቻላችሁ መግቢያውን በዚያ በኩል ፈጽሞ አትክፈቱ።

ቆርቆሮው ከቀትር በኋላ ራስ ላይ ሙቀት ይለቃል። ኮርኒስ ይሠራ፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ግን በሁለቱም ጫፍ መተንፈሻ ይተውለት፤ አለዚያ ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለጊዜው አቅም ከሌለ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባትም ይረዳል።

ጥያቄ (ከጅማ፣ ሄርማታ)
ለስፖርት ክፍሌ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ልግዛ ወይስ ኤሲ?

መልስ
የውሃው ማቀዝቀዣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ደረቅ ሙቀት ጥሩ ነው። በጅማ ክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፤ ላብዎም አይደርቅምና ይበልጥ ይጨነቃሉ። በበጋ ቀትር፣ መስኮት ከፍተው ከሆነ ይጠቅማል። ኤሲ ክፍሉን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን የተለመደው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ያንኑ አየር ነው የሚያዞረው። ክፍሉን ዘግተው ሁለት ሰው ለአንድ ሰዓት ጠንክሮ ከሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከውጪው 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ራስ የሚከብደው ለዚህ ነው። በጅማ አየር ገንዘብዎን አስቀድመው ፋንና መግቢያ ላይ ቢያውሉት እንመክራለን።

ጥያቄ (ከጅማ)
ክረምት ላይ የጎማ ምንጣፉ ይሸታል፤ ክብደቶቹም ይዝጋሉ።

መልስ
ላቡ ተኖ ክፍሉ ውስጥ ስለቀረ ነው፤ ሌሊት ቆርቆሮውና ብረቱ ሲቀዘቅዙ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ስፖርቱ ካለቀ በኋላ ፋኑን ለ30 ደቂቃ አያጥፉት። ምንጣፉን በሳምንት አንድ ቀን አንሥተው ግድግዳ ላይ ያቁሙት፤ ሻጋታው የሚጀምረው ከሲሚንቶው ጋር ከሚነካካው ገጽ ነው። ብረቶቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ስስ የማሽን ዘይት ይቀቧቸው፤ እጅ የሚይዛቸውን ቦታዎች ግን ዘይት አይንካቸው፣ ያንሸራትታሉ።