ወተቴ ውሃ ሆኗል ተባልኩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራት ወር ተኩል ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ቦሌ ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። ልጁን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ አንዴ በፓምፕ አልብና ለነገ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲያድር ከላይ ወፍራም፣ ከታች ውሃ መሳይ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። እናቴ «ወተትሽ ውሃ ሆኗል» ብላ ትደፋዋለች። ሰሞኑን የላም ወተት በውሃ እያቀጠነች ትሰጠዋለች። እኔም ወተት ይጨምራል ሲሉኝ ፕላሲል ገዝቼ ጀምሬያለሁ። የ14 ሳምንት ክትባቱ ሥራ ከጀመርኩበት ጊዜ ጋር ተጋጭቶ አልፎናል። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የጠየቅሽኝ ይሄን ነው፣ መለስኩልሽ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን እንቅልፍ የነሳሽ ሰዓቱ አይመስለኝም። «ልጄን እያስራብኩት ይሆን?» የሚለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ። ወተትሽ ውሃ አልሆነም።

ያየሽው ቅባት ነው። አንዲት እናት እንዳንቺው ተጨንቃ ጡጦውን በፌስታል ጠቅልላ ክሊኒክ ይዛልኝ መጣች። «ይኸው ዶክተር፣ ይዩት» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ከላይ ቢጫ የሚል ወፍራም ነገር ተንሳፍፏል፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀጭን ወተት አለ። ጡጦውን አንስቼ ቀስ እያልኩ አሽከረከርኩት። ሰባት ስምንት ዙር ሳይሞላ አንድ ወጥ ነጭ ወተት ሆነ። ሴትየዋ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ሁለት ሳምንት ሙሉ እኮ ስደፋ ከረምኩ» አለች። ምን ልበላት?

እናትሽ ቅቤ ሲናጥ እያዩ ካደጉ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የላም ወተት ቆይቶ ስልባቦት ሲይዝ «ወተቱ ውሃ ሆነ» የሚል ሰው አለ? የለም፤ ስልባቦቱን ለማን እንስጥ ተብሎ ነው የሚታሰበው። ቅባት ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ በቃ። ሱቅ የምንገዛው የታሸገ ወተት አንዳንዱ የማይከፈለው ቅባቱ በማሽን ደቅቆ ስለሚታሸግ ነው። የአንቺን ማንም በማሽን አላሳለፈውም።

አሁንም አልጨረስኩም፣ ምክንያቱም በዚህ ወሬ የተደፋው ወተት ቢጠራቀም በርሜል ይሞላል። ቀለሙም ይለያያል። ማለብ ስትጀምሪ የሚወጣው ቀጠን ይላል፣ ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ የሚወጣው ይወፍራል፤ ያውም ከአንድ ጡት፣ በአንድ ቁጭታ። ደግሞም የላምም የሰውም ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ወተት አንዳንዴ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ያም አልተበላሸም። የተበላሸ ወተት ኮምጣጣ ይሸታል፣ ስታሽከረክሪውም እንደ አይብ ተቆራርጦ ይቀራል እንጂ አይዋሃድም። ዛሬ ማታ እናትሽ ፊት አሽከርክሪውና ያሽትቱት። ክርክር አያስፈልግም።

ወተትሽ ከቀነሰ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። 13 ሰዓት ከልጅሽ ትለያለሽ፣ የምታልቢው አንዴ ነው። ጡት ካልጎደለ አይተካም። ሞልቶ በዋለ ቁጥር «አይፈለግም» ብሎ ሥራውን ይቀንሳል። ቢያንስ በየሦስት ሰዓቱ እለቢ። ፓምፑ ቢያስቸግርሽ እጅሽን ታጥበሽ በእጅሽ እለቢ፤ አንዳንድ እናቶች በእጅ የተሻለ ያገኛሉ። ሳትወጪ አጥቢው፣ ስትገቢ ቦርሳሽን ከማስቀመጥሽ በፊት አጥቢው፣ ሌሊትም አትከልክይው። አጥሚቱንም ጠጪ፣ ደስ ይላል፤ ወተት የሚያመጣው ግን መታለቡ ነው። ፓምፑ ላይ በምታዪው ልክም ራስሽን አትመዝኚ። ልጅ ከፓምፕ ይልቅ ጎበዝ ነው።

ቀላል ነው እያልኩሽ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ እኛ ሐኪሞች ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንላለን። ሂሳቡ አይገጥምም። የጎደለውን የምትሞላው ስቶር ውስጥ ወይም ሽንት ቤት ተደብቃ የምታልብ እናት ናት። አለቃሽን ግን ፊት ለፊት አናግሪ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ እና የሚዘጋ በር በቂ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፕላሲል ማስመለስን የሚያቆም መድኃኒት ነው። «ወተት ይጨምራል» ተብሎ እንደ ከረሜላ የሚገዛ አይደለም። ድብርት ያመጣል፣ መቁነጥነጥ ያመጣል፣ አንዳንድ ሰው ላይ አንገትና ፊት ያኮማትራል። ከወለደች አምስት ወር ያልሞላት፣ በቂ እንቅልፍ የሌላት ሴት ላይ ድብርት መጨመር ምን ይባላል? አቁሚ። ጎረቤት ነገረኝ፣ ፋርማሲው ሰጠኝ አትበዪኝ።

የላም ወተቱም ዛሬውኑ ይቁም። ዓመት ያልሞላው ልጅ ዋና ምግቡ የላም ወተት መሆን የለበትም። ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ የደም ማነስም ያመጣበታል። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ሆዱ ይሞላል እንጂ አይጠግብም። ልብ በዪ፣ ውሃ የሆነው ወተት ይሄኛው ነው። የጡቱ በእውነት ካልበቃ፣ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን የሚበጠበጥ የጨቅላ ሕፃናት ዱቄት ወተት አለ። እሱንም ቢሆን ልጁ ተመዝኖ ከታየ በኋላ እንወስናለን።

በእሱ ዕድሜ ላለ ልጅ፣ ለምትለዪበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል አስቢ። ላንቺ 400 አካባቢ ይመጣል። በአንድ ጡጦ ከ90 እስከ 120 አድርገሽ ከፋፍይው። ቢሮ ፍሪጅ ከሌለ፣ ውሃ ሞልተሽ ያሳደርሽው ሃይላንድ በረዶ ሆኖ በቦርሳሽ ይግባ፣ ወተቱን እሱ ላይ አስጠጊው። ያለ በረዶ የቆይታው ልክ 4 ሰዓት ነው፤ ምሳ ሰዓት የታለበ ወተት በታክሲ ሰልፍ ይሄን ያልፋል። ቤት ስትደርሺ ፍሪጁ በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ አስገቢው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ እስከ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስታሞቁት ጡጦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ እሳት ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭም አይገባም። ልጁ ጀምሮ የተወው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋ። መድፋት ለዚህ ነው።

እናትሽን ደግሞ አንድ ነገር ለምኚልኝ። አስተኝተው ጡጦውን ቀጥ አድርገው «ጨርስ፣ የኔ ጌታ፣ ጨርስ» አይበሉት። ቀና አድርገው ይያዙት፣ ጡጦውን ጋደም ያድርጉት፣ መሃል ላይ ያሳርፉት። ፊቱን ካዞረ ጠግቧል። እንዲያውም ንጹሕ ሲኒ ከጡጦ ይሻላል፤ ለማጠብ ይቀላል፣ ጥጋጥግ የለውም።

ደህና ነው የሚባለው በ24 ሰዓት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሸና፣ ሲነቃ ንቁ ሲሆን ነው። ሽንቱ ከቀነሰና ከጠቆረ፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ለመጥባት እንኳን የማይነቃ ከሆነ ቅዳሜን አትጠብቂ። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት።

ክትባቱ ስላለፈ አልቀረም፣ አሁንም ይወሰዳል። ግን ያሳለፍሽው የሳንባ ምች፣ የትክትክና የፖሊዮ መከላከያ ነው፤ ሥራ ጀመርኩ ብሎ የሚተው አይደለም። ነገ ጠዋት ፈቃድ ጠይቂና ካርዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ልጁ ሲመዘን ኪሎውን እሳቸው ያንብቡት።