ጳጉሜ 6ን የማያውቀው ኮድ፦ ስለ ኦፕን ሶርስ ቴስቲንግ ከጅማ ለተጠየቀው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአጭሩ ያልሽው ይህን ነው። ጅማ ውስጥ ጀማሪ መምህርት ነሽ፤ 5 ተመራቂ ተማሪዎች አሉሽ። በኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ) ሶፍትዌር ጥራትና ቴስቲንግ ላይ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር መስራት ትፈልጊያለሽ። የመግባቢያ ሰነድ ይቅደም ወይስ ሥራው? ርዕሱስ ምን ይሁን? መብራቱና ኢንተርኔቱ እንዲህ እያለ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል ወይ?

እኔም እዚሁ ጅማ ማስተርሴን ስሰራ በዚህ ጉዳይ ፍዳዬን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ቀጥለንበት ጥቂት ደህና ነገር ሰርተናል። የምነግርሽ የደረሰብኝን ነው።

ሰነዱን ለጊዜው እርሺው። ከአንድ የውጭ ተቋም ጋር የተፈረመ ወረቀት አውቃለሁ። ማህተሙ ያምራል፤ ፎቶም ተነስተናል። ከዚያ ወዲህ አንድ ኢሜይል እንኳን አልተጻጻፍንም። ኮድ አውርዶ ለማስኬድና ስህተቱን ለማሳወቅ የማንም ፊርማ አያስፈልግም። ወረቀት የሚያስፈልገው ገንዘብ ሲመጣ ወይም ተማሪ ሲላክ ነው። ያኔ ደግሞ የምታሳዪው ሥራ ስለሚኖርሽ ንግግሩም ይቀልልሻል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አራት ሆነን አንድ በጃቫ የተጻፈ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት መረጥን። ኢቮስዊት የሚባል፣ ቴስት (ኮዱ በትክክል መስራቱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ) በራሱ የሚያመነጭ መሳሪያ አለ። ከፈትንለትና ለቀቅነው። ከቨሬጁ፣ ማለትም ቴስቶቹ የነኩት የኮድ መጠን፣ ሽቅብ ወጣ። ደስ ብሎን በአንድ ሳምንት 14 ፑል ሪኩዌስት (ይህን ለውጥ ተቀበሉን የሚል ጥያቄ) ላክን። ፕሮጀክቱን የሚንከባከበው ሰውዬ ሁሉንም በአንድ ቀን ዘጋቸው። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ «ቴስት 47 ነገ ቢወድቅ ምን ተበላሸ ብዬ ልረዳ?» ብሎ ጻፈልን። እውነቱን ነው። የቴስቶቹ ስም ቁጥር ብቻ ነበር። እኛ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ቁጥር ፈለግን፤ ለእሱ ደግሞ ለዓመታት ተሸክሞት የሚኖር ሸክም ሰጠነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎችሽ አንዲት መስመር ከመጻፋቸው በፊት የፕሮጀክቱ ሰዎች በሚነጋገሩበት ቦታ ገብተው ራሳቸውን ያስተዋውቁ። እኛ ተማሪዎች ነን፣ ይህን ያህል ወር አለን፣ ይህን ለመፈተሽ አስበናል፣ ይጠቅማችኋል ወይ? በቃ። ጥናት እየሰራችሁ ከሆነ ደግሞ አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የገጠማቸውን ታስታውሺ ይሆናል። ሆን ብለው ክፍተት ያለበት ማስተካከያ ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ልከው ገምጋሚዎቹ ይነቁ እንደሆነ ሊያዩ ሞከሩ። ሲታወቅ ከከርነሉ ዋና ተንከባካቢዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ማናቸውንም ማስተካከያ አግዶ የቀድሞዎቹም እንደገና እንዲመረመሩ አደረገ። ጽሑፋቸውን አንስተው ይቅርታ ጠየቁ። የዩኒቨርሲቲ ስም በአንድ ሰው ሥራ እንደሚበላሽ ለተማሪዎችሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው።

ወደ ርዕሱ እንሂድ። ብዙ ሰው «ከቨሬጅ እናሻሽላለን» ይላል። እኔ አልመክርሽም። ከቨሬጅ የትኛው መስመር እንደተነካ ይነግርሻል፤ መስመሩ ትክክል መሆኑን አይነግርሽም። ልዩነቱ የገባኝ በጳጉሜ ነው።

የኢትዮጵያን ካላንደር የሚያሰላ አንዲት ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ዝግጁ ኮድ) ነበረች። ከቨሬጇ ከ90 በመቶ በላይ ነው። አንዷ ጓደኛችን ለመሞከር የወንድሟን ልጅ የልደት ቀን አስገባች፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015። «ትክክል ያልሆነ ቀን» አላት። ልጁ ግን አለ፣ ዳዴ እያለ ነው! ኮዱን ከፈትን። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ 0 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ትሆናለች ይላል። እኛ ጋ ግን 6 የምትሆነው 3 ሲተርፍ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ። 2011፣ 2015፣ ቀጥሎ 2019። ኮዱን የጻፈው ሰው የፈረንጁን ደንብ ገልብጦ ነው። በዚህ ደንብ ደግሞ የሌለችውን ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን አሜን ብሎ ይቀበላል።

ቴስቶቹ ለምን አልያዙትም? ያቺን መስመር ሁሉም ረግጠዋታል። ግን የተጠቀሙባቸው ቀኖች መስከረምና ጥር ብቻ ነበሩ። 0ን በ3 ብትለውጪውም፣ በ1 ብትለውጪውም ሁሉም ያልፋሉ። ይህን ነገር በዘዴ መስራት ሚውቴሽን ቴስቲንግ ይባላል። ኮዱን ሆን ብለሽ በጥቂቱ ታበላሺና ቴስቱ ይነቃ እንደሆነ ታያለሽ። ሐሳቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ለጃቫ ፒት የሚባል መሳሪያ በነጻ ይገኛል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላየሁም፤ ምክንያቱም «ቴስቴ በርግጥ ምን ይጠብቃል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

ለእናንተ የሚሆነው ርዕስ እንግዲህ እዚህ ነው ያለው። ኦስሎ ወይም ኢሊኖይ ያለ ተማሪ የማያየው፣ ለእናንተ ግን በየቀኑ የሚያጋጥማችሁ ነገር። የስም ፍለጋን ውሰጂ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል ብለን አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ቆጠርን። ፀ እና ጸ ሁለት፤ ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት። 12 ሆነ። ለኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የዩኒኮድ ማስተካከያ ደንቦች ግን እነዚህን ሆሄያት አንድ አያደርጓቸውም። ካርድ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ፋይል ቢኖራት የሚገርም አይደለም። የአያት ስም ካልሞላሽ አላሳልፍም የሚለውን ፎርምማ ተይው፤ ሁላችንም ታግለነዋል።

ሌላው በአጋጣሚ ያገኘነው ነው። የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ ሥራችን ሌሊት ነበር። አንድ ቴስት አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ፍሌኪ ይሉታል። የፕሮጀክቱ ሰዎች «እኛ ጋ ሁሌም ያልፋል» አሉን። መዝገብ ይዘን ሰዓቱን ስንጽፍ የሚወድቀው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እኛ ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በነዚያ 3 ሰዓታት በኮምፒውተሩ አቆጣጠር እዚህ ቀኑ ተቀይሯል፤ በመደበኛው ሰዓት ግን ገና ትናንት ነው። ኮዱ አንዱን ቀን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ይወስድ ነበር። ቴስቱ የሚሮጥበት ሰርቨር የሚሄደው በመደበኛው ሰዓት ስለሆነ መቼም አይወድቅም። መካከለኛው አውሮፓ ያለው ሰው ደግሞ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ብቻ ነው የሚያጋጥመው፤ እሱም ተኝቶ። ያቺን ሪፖርት ስንልክ ያገኘነው አክብሮት ከ14ቱ ፑል ሪኩዌስት ጋር አይወዳደርም።

በነገራችን ላይ ፍሌኪ ቴስት ከፈለግሽ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚህ ብዙ ርቀው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት የ51 ፕሮጀክቶችን ማስተካከያ መርምሮ ምክንያቶቹን ለይቷል። ዋነኛው ቴስቱ የጠየቀውን መልስ በቅጡ ሳይጠብቅ መፍረዱ ነው። የፍሌኪ ቴስቶች ዝርዝራቸውም ክፍት ነው፤ ከጅማ ሆናችሁ መጨመር ትችላላችሁ። ያለ ሰነድ የሚጀመር ትብብር ይህንን ይመስላል።

ከጤናው ጋር ልታገናኙት ከፈለጋችሁ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የጤና መረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር አለ። የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አገራችን የጤና ሪፖርት የምታስገባበትም እሱ ነው። የኢትዮጵያን ካላንደር መምረጥ ይቻላል። የታካሚ መዝገብ የሚይዘው ኦፕንኤምአርኤስም ጀማሪ የሚቀበል ፕሮጀክት ነው። እዚህ ተማሪው ሕዝብ ውስጥ ወጥቶ መስራትን በሲቢቲፒ (በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኅብረተሰብ ውስጥ በሚሰጠው የተግባር ስልጠና) ለምዶታል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያው የቱ ጋ እንደሚቸገር ጎን ተቀምጦ ማየት አይከብደውም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። የእውነተኛ ታካሚ ስም ያለበት ስክሪንሾት የትም እንዳይለጠፍ። የፈጠራ ስም ይጠቀሙ፤ የ12ቱን «ፀሐይ» ዓይነት።

ስለ ሴሚስተሩ። ያልቃል፣ ግን በፑል ሪኩዌስት መግባት አትመዝኛቸው። የጳጉሜዋ ማስተካከያ 2 መስመር ናት፤ ለመግባት 5 ወር ፈጅታለች። ሰውዬው በትርፍ ጊዜው ነው የሚሰራው፣ የእናንተን ካላንደር አያውቅም። ማርክ ስጪ ለሪፖርቱ። ሌላ ሰው አንብቦ ስህተቱን በራሱ ማሽን ላይ እንደገና ማየት ይችላል ወይ? ይህን ለመፈተን አንዱ ተማሪ የጻፈውን ለሌላው ስጪውና ዝም ብለሽ ተመልከቺ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ5ቱ አንዱ እንኳን ከተሳካለት ጎበዞች ናቸው። እኛ ሁላችንም ወድቀናል።

መብራትና ኢንተርኔትን በተመለከተ፣ ሙሉ ታሪኩን ሳይሆን የመጨረሻውን ኮሚት (የኮዱን የቅርብ ቅጂ) ብቻ አውርዱ፤ ዳታ ይቆጥባል። የጃቫ ፕሮጀክት መጀመሪያ ሲሰራ የሚያወርደው ብዙ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ላይ አንዴ ካወረዳችሁ የሜቨንን (ለጃቫ ፕሮጀክት የሚያስፈልገውን የሚያወርደው መሳሪያ) ማከማቻ ፎልደር ለሌሎቹ በፍላሽ ማዞር ይቻላል። ሦስት ላፕቶፕ ካላችሁ ይበቃል፤ ቴስት ሁለት ሆኖ ሲጻፍ እንዲያውም ይሻላል።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ብዙውን ጊዜ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነኝ። ፎልደሩ አሁንም አለኝ። 32 ጊጋ የሚይዝ ፍላሽ ይዘሽ ነይ፤ የ14ቱን ፑል ሪኩዌስት ታሪክም ለተማሪዎችሽ ራሴ እነግራቸዋለሁ።