መሪ ሲወርድ ኮርቻም ይንቀሳቀሳል

አቦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። የትራያትሎን ሳይክልህን መሪ በአንዴ 3 ሴንቲ አወረድክ። አሁን ከመልካ ጀብዱ ስትመለስ ጉልበትህ ሆድህን እየነካ፣ ወገብህም እየያዘህ ነው። ጥፋቱ ዝቅ ማለትህ አይደለም፤ የሳይክሉን ፊት ብቻ ማውረድህ ነው።

ፊቱ ሲወርድ ዳሌህ ይታጠፋል፣ እግርህም መግፊያ ቦታ ያጣል። ስለዚህ ኮርቻውም ወደፊት መምጣት አለበት። ተራ የኮርስ ሳይክል ላይ የመቀመጫው ቱቦ ማዕዘን 73 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማዕዘኑ ሲጨምር ኮርቻው ወደፊት ይመጣል። በኤሮባር (ክርን አሳርፈህ ወደፊት ተዘርግተህ የምትይዘው መሪ) ለሚነዳ ግን ከ76 እስከ 80 ይሻላል። ኮርቻው ወደፊት ሲሄድ ለፔዳሉ ስለሚቀርብ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ አድርገው። አጠር ያለ ክራንክ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ካገኘህ ደግሞ አትለፈው፤ ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ጉልበትህ ያን ያህል አይታጠፍም።

ለጊዜው መሪውን 2 ሴንቲ መልሰው። ሰውነትህ ሲለምድ ከመሪው ሥር ካሉት ቀለበቶች (ስፔሰር) አንድ አንድ እያነሳህ ከመሪው በላይ አስቀምጥ። መሪው የሚታሰርበትን የሹካውን ቱቦ ግን እባክህ አሁን እንዳታስቆርጥ! አንዴ ካጠረ መመለሻ የለውም።

ክርንህ ማሳረፊያው ላይ ሲያርፍ ክብደትህን አጥንትህ ይሸከም። ትከሻህ ወደ ጆሮህ ከወጣ ገና አልተስተካከለም። ኮርቻው የሚነካህ ቦታ ከደነዘዘህ የኮርቻውን አፍንጫ በትንሹ ዝቅ አድርግ፤ ካልተወህ ኮርቻ ቀይር።

ልምምዱን በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሜዳው ላይ አድርገው። የደንገጎን ቁልቁለት በኤሮባር እንዳትሞክረው፤ እዚያ እጅህ ፍሬኑ ላይ ይሁን።