«ጥቅሉን ይጫኑ» ሲባል ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለአንድ የእጅ ኮምፒውተር የሶፍትዌር ፓኬጅ (አንድ ፕሮግራም ከነፋይሎቹ የሚቀርብበት አንድ ፋይል) ቅርጸት እየነደፍን ነው። የአማርኛ መመሪያውን ስናዘጋጅ አንዳችን «ጥቅል»፣ ሌላችን «እሽግ» ብለን ተከራከርን። «ጥቅሉን ይጫኑ» የሚለውን ያነበቡት አጎቴ ደግሞ የፓኬጁን ምስል በጣታቸው ጫን አድርገው መጠበቅ ጀመሩ። ምን ብንል ይሻላል?

መልስ፦ አጎትዎ አልተሳሳቱም። «ጫነ» ከሚለው ግስ ሁለት ትእዛዞች ይወጣሉ። አንዱ በእርስዎ ከተማ ደረቅ ወደብ ዕቃ ወደ መኪና ለሚያወጣ ሰው የሚባለው «ጫን» ሲሆን፣ ሁለተኛው ክብደትህን አሳርፍበት ለማለት የምንጠቀምበት «ተጫን» ነው። አንተ ለምንለው ሰው ስንናገር ሁለቱ አይምታቱም። በአክብሮት ስንናገር ግን ሁለቱም «ይጫኑ» ይሆናሉ፤ በአንደበት የመጀመሪያው «ጫ» ላልቶ ሲነገር፣ የሁለተኛው ደግሞ የ«ተጫነ»ን «ተ» ውጦ ስለሚጠብቅ ጆሮ ይለያቸዋል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ግን ዓይን የሚለይበት መንገድ የለውም። በስልክ «1ን ይጫኑ» ሲባል የኖረ ሰው የጠበቀውን መርጦ ቢያነብ አይፈረድበትም።

አንዳንዶች ይህን ለመሸሽ፣ ፕሮግራምን ወደ መሣሪያ ለማስገባት «መትከል»ን ያቀርባሉ። እኔ አልወደውም። የሚተከለው ምሰሶ፣ ድንኳንና ችግኝ ነው፤ የተተከለ ነገር እንዲቆይ ይፈለጋል። በእጅ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁኔታ ተቃራኒው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የኮምፓክ አይፓክ 16 ሜጋባይት ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ስለነበረው፣ አንዱን ፕሮግራም ለማስገባት ሌላውን ማውጣት የተለመደ ነበር። ይህን ከ«መጫን» እና ከጥንት ጓደኛው ከ«ማራገፍ» የተሻለ የሚገልጽ ጥንድ አላውቅም። ስለዚህ «መጫን»ን ለፕሮግራሙ ይተዉትና ጣት ለሚሠራው ሥራ «መንካት»ን ይጠቀሙ፤ «ጥቅሉን ለመጫን ይህን ምስል ይንኩ» ቢሉ አጎትዎም አይቸገሩም። መሣሪያው የሚታይ ቁልፍ ካለው «ቁልፉን ይጫኑ» ማለት ምንም ችግር የለበትም፤ ቁልፍ መኪና ላይ አይጫንምና።

ወደ «ጥቅል» እና «እሽግ» ስንመለስ፣ ፋይሉ ራሱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማየት ክርክሩን ያቀለዋል። በአይፓክ ላይ ይሠራ ለነበረው ፋሚሊያር ሊኑክስ ለተባለ ሥርዓተ ክወና ያገለገለው የፓኬጅ ማስተዳደሪያ አይፒኬጂ አወቃቀሩን የወረሰው ዴቢያን ከተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት ነው። በዴቢያን ፓኬጅ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የቅርጸቱን ዕትም ቁጥር የያዘች ትንሽ ፋይል፣ ስለ ፓኬጁ መረጃና ከመጫን በፊትም ሆነ በኋላ የሚሠሩ ትእዛዞች ያሉበት ክፍል፣ እንዲሁም በመሣሪያው ላይ የሚቀመጡት ፋይሎች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች በየራሳቸው ታር በተባለ ፕሮግራም ተጠቅልለው በአይፓክ ዘመን ጂዚፕ በተባለ ሌላ ፕሮግራም ይታመቁ ነበር፤ ከዚያ ሦስቱም እንደገና በአንድ መያዣ ይጠቀለላሉ። ደሴ ገበያ ላይ «ጥቅል» ብለን የምንገዛው ጎመንም ቅጠል በቅጠል ላይ ተደርቦ የተሠራ ነው፤ ስያሜው ለዚህ ፋይልም በልኩ የተሰፋ ይመስለኛል። ታር የሚሠራው ሥራ መጠቅለል ብቻ እንደሆነና መጠኑን የሚቀንሰው ጂዚፕ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ የጂዚፕን ሥራ «ማመቅ» ይበሉት እንጂ ከመጠቅለል ጋር አይደባልቁት።

«አሸገ» ግን ሌላ ነገር ነው። የታሸገ ኮንቴይነር የሚባለው ማንም እንዳልነካው የሚመሰክር ምልክት ያለበት ነው። ስለዚህ ፋይሉ በዲጂታል ፊርማ ካልተረጋገጠ በቀር «እሽግ» ማለት የሌለውን ዋስትና መስጠት ይሆናል። ቅርጸታችሁ ፊርማ የሚይዝ ከሆነ «የታሸገ ጥቅል» እና «ያልታሸገ ጥቅል» ብላችሁ መለየት ትችላላችሁ፤ ሁለቱ ቃላት ተቀናቃኝ መሆናቸው ቀርቶ ተጋዥ ይሆናሉ። «ጥቅል» በሰው ጆሮ የኢንተርኔት ጥቅል ስለሆነ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የፕሮግራም ጥቅል» ይበሉት።

ስላልጠየቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የጥቅሉን መለያ ስም በአማርኛ ለመጻፍ አስባችሁ ከሆነ እባካችሁ ተዉት። ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ስለሆኑ፣ አንዱ ጥቅል የሚፈልገውን ሌላ ጥቅል በፊደል ልዩነት ብቻ ሊያጣው ይችላል። ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድም፣ ለፋይል ስም 100 ባይት በሚመድበው የቀድሞው የታር ራስጌ (ስለ ፋይሉ መረጃ የሚይዘው የመጀመሪያ ክፍል) ውስጥ ከ33 ፊደል በላይ አይገባም። ዴቢያንም ቢሆን በስም ላይ የሚፈቅደው ትንንሽ የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። አማርኛውን እንደልባችሁ የምትጽፉበት ቦታ የመግለጫው መስክ ነው።