አጭር ነሽ ተብለሽ እራት አትዝለዪ፤ የምትወልጂበትን ቦታ ግን ከአሁኑ ወስኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎቻችሁም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜዋ 22 ነው፣ ጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ነው የምትኖረው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ48፣ ከማርገዟ በፊት 40 ኪሎ ነበረች፣ አሁን 43 ገብታለች። ባለቤቷ ረጅም ነው። አማቷ «ይቺ ወገብ ልጅ አታሳልፍም» ብለዋታል። እሷም ልጁ እንዳይገዝፍባት ብላ እራት መብላት ትታለች። የጠየቀችው «በምጥ መውለድ እችላለሁ ወይስ ቀድሜ ኦፕራሲዮን ላስይዝ?» ብላ ነው።

ከእራቱ ልጀምር። ለሌላው ሁሉ ጊዜ አለሽ፣ ይሄ ግን የዛሬ ማታ ጉዳይ ነው። ብዪ። እራት በመዝለል የልጅ ራስ አይጠብም። የሚሆነው ክብደቱ ያነሰ፣ ብርድና በሽታ የማይችል ሕፃን መወለድ ነው። አንቺም ደምሽ ያንሳል፤ ደም ያነሳት እናት ደግሞ ስትወልድ ሌላዋ የምትችለውን ያህል እንኳ ቢፈሳት አትቋቋመውም። ወተት፣ ሙዝና ማር ልጁ ላይ ይለጠፋል ሲባል እኔም እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሕፃኑ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ግን እናቱ የጠጣችው ወተት አይደለም። ወራት ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚቆየውን ቆዳውን እንዲጠብቅለት የራሱ ገላ የሚያወጣው ነው።

ሐኪሞች ኪሎን ለቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉታል። ያንቺ 40 ኪሎ ለ1.48 ሁለት ጊዜ ሲካፈል 18.3 ገደማ ይመጣል። ከ18.5 በታች ሆና ያረገዘች ሴት እስክትወልድ ድረስ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ እንድትጨምር ነው የሚመከረው። አንቺ አምስት ወር ሙሉ የጨመርሽው 3 ኪሎ ነው። ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ብትጨምሪ ነው ጥሩ። ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግሽም። የዳጉሳ እንጀራሽ፣ ሽሮሽ፣ ጎመንሽ፣ እንቁላል፣ ከሐይቁ የሚወጣው ቀረሶ ዓሣ ይበቃሻል። ብቻ ሦስት ጊዜ ብዪ፣ በመሃልም ቆሎም ሆነ በሶ ጨምሪ። የዘጌ ሰው ቡናውን እንደማይተው አውቃለሁ፤ ሲኒውን ቀንሺና ከምግብሽም ከአይረን ኪኒንሽም አርቀሽ ጠጪው፣ አይረኑ ከገላሽ ጋር እንዳይዋሃድ ይከለክለዋልና።

አሁን ስለ ቁመቱ። እኔ 1 ሜትር ከ46 ነኝ፣ የጫማ ቁጥሬ 35 ነው። ትውልዴ ጣና ዳር ነው፣ አሁን ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ሦስት ልጆች አሉኝ። የመጀመሪያዋን 14 ሰዓት አምጬ በራሴ ወለድኳት፣ 2.9 ኪሎ ነበረች። ሁለተኛው 3.2 ኪሎ ሆኖ ስድስት ሰዓት ብቻ አምጬ ወለድኩት። ሦስተኛውን በኦፕራሲዮን ወለድኩ፤ ምክንያቱ ግን ቁመቴ አልነበረም፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ አግድም ተኝቶ አልዞር ብሎ ነው።

ታላቅ እህቴ 1 ሜትር ከ74 ናት፣ ዳሌዋም ሰፊ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «እሷማ እያስነጠሳት ትወልዳለች» ይላት ነበር፣ በዚያም ተማምና ክትትል የጀመረችው ሰባተኛ ወሯ ላይ ነው። በእርግዝናው ስኳር ተገኘባት፣ ክብደቷም ብዙ ነበር። ልጁ ገዝፎ፣ ፊቱንም ወደ ላይ አዙሮ መጣ። ቀን ከሌሊት አምጣ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ሲመዘን 4.1 ኪሎ። ስለዚህ ሰውነቷ ሞላ ያለ ሴት ትቀልላለች የሚባለውን አትመኚው። ክብደት ሲበዛ ደም ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ የልጁ መግዘፍም አብሮ ይመጣል። ቀጭንነት የራሱ ጣጣ አለው፣ ያኛውም የራሱ።

ከእህቴና ከእኔ ያየሁት ይሄን ነው፤ ልጅ የሚያልፍበት የአጥንት ቀለበት ከውጭ አይታይም። በቀሚስ ላይ የምናየው ዳሌ የጎን አጥንቱና ሥጋው ነው። ቀለበቱ ወደ ውስጥ ነው፣ ዳሌዋ የሰፋ ሁሉ ቀለበቷ ሰፊ አይደለም፣ የጠበበም ሁሉ ጠባብ አይደለም። በጫማ ቁጥር ለመገመትም ተሞክሮ ነበር፣ የሚታመን ሆኖ አልተገኘም።

ይሁን እንጂ እውነቱን አልደብቅሽም። ከ1 ሜትር ከ50 በታች የሆንን ሴቶች ከረጃጅሞቹ ይልቅ ምጥ ይቆምብናል፣ ኦፕራሲዮንም ይበዛብናል። አብዛኞቻችን ግን በምጥ ነው የምንወልደው። አጭርነትም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እናቷም አያቷም አጭር ሆነው እሷም ተመጣጥና ያጠረች አለች። በልጅነቷ ተርባ ወይም ታማ፣ ማደግ የነበረባትን ያህል ሳታድግ የቀረችም አለች። የሁለተኛዋ ቀለበትም አብሮ ሳያድግ የመቅረት ዕድሉ ይበልጣል። በልጅነት አጥንት የሚያጣምመው ሪኬትስ የያዛት፣ ፖሊዮ ይዟት የምታነክስ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ የሚያውቅ ሴት ደግሞ ቁመቷ ምንም ይሁን ምን ሆስፒታል ነው መውለድ ያለባት። ከነዚህ አንዱ ካለብሽ በሚቀጥለው ክትትልሽ ሳትጠየቂ ተናገሪ። እናትሽንም ጠይቂያቸው፤ ቁመታቸው ስንት እንደሆነ፣ አንቺን ምን ያህል አምጠው እንደወለዱሽ።

አክስቴ ረጅም ነበረች። ጣና ዳር ነው የተዳረችው፣ ስታረግዝ 15 ዓመቷ ነበር። ቁመቷን ያየ ሁሉ ሴት ሆናለች ብሎ ነበር። ያኔ ማንም ያላወቀው ነገር፣ ልጃገረድ ቁመቷ ካቆመ በኋላም የዳሌዋ አጥንት ለዓመታት ማደጉን የሚቀጥል መሆኑን ነው። ሦስት ቀን አማጠች። ሆዷን አሹላት፣ ገፉላት። በሦስተኛው ቀን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ወሰዷት፤ ልጁ ሞቶ ወጣ፣ እሷም ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ቀረች፤ ፊስቱላ የሚሉት ነው። ከእናቴ ቤት ጓሮ ባለች ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ስትተኛ አስታውሳለሁ፤ ሽታው እንዳያስቸግር ብላ ራሷ ነበር ለብቻዬ ልተኛ ያለችው። በኋላ አዲስ አበባ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ሄዳ በነፃ ታክማ ዳነች። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 እዚሁ ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የፊስቱላ ማዕከል ተከፈተ፣ የአካባቢያችን ሴት አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ቀረላት። አክስቴን ያነሳሁት ላስፈራሽ አይደለም። አንቺ 22 ዓመትሽ ነው፣ አጥንትሽ አድጎ ጨርሷል። የሷን ልጅ የገደለው ሦስቱ ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ዘንድ ብትደርስ ኖሮ ልጁም ይተርፍ ነበር፣ እሷም ያን ሁሉ አታይም ነበር።

ስለ ባለቤትሽ ርዝመትም አትጨነቂ። የእንስሳት ሐኪም የሆነ የአጎቴ ልጅ የነገረኝን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሃሞንድ የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ሻየር የሚባለውን ግዙፍ ፈረስና ሼትላንድ የሚባለውን ድንክ ፈረስ አዳቀሉ። ድንኳ እናት ከግዙፉ አባት ስትወልድ ውርንጭላዋ ለሷ የሚመጥን ትንሽ ሆነ። ግዙፏ እናት ከድንኩ ስትወልድ ግን ትልቅ ወጣ፣ ድንኳ እናት የወለደችውን ሦስት እጥፍ ገደማ። የአባት ዘር ቢኖርበትም፣ ማህፀን ውስጥ እያለ ልጁን በልክ የሚይዘው በአብዛኛው የእናቲቱ ገላ ነው። የአባቱን ቁመት ከተወለደ በኋላ ይደርስበታል። የኔም ባል ረጅም ነው፣ ልጆቼም አሁን ከኔ በላይ እየሆኑ ነው። ይሄን ልክ የሚያፋልሰው ዋናው ነገር ስኳር ነው፤ ስለዚህ የስኳር ምርመራውን አትዝለዪ።

ሆድሽ ወደ ፊት ገፍቶ «መንታ ነው» ቢሉሽም አትደንግጪ። አጭር ሴት ከጎድን አጥንቷ እስከ ዳሌዋ ያለው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ልጁ ወደ ፊት ይወጣል። ቃሩና ትንፋሽ ማጠሩም በእኛ ይበረታል። ሲስተሯ ሆድሽን በሜትር ስትለካ የሚወጣው ሳንቲ ሜትር ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ የሚታመነው እሱ ነው። አልትራሳውንድ የሚነግርሽ የልጁ ኪሎም ግምት ነው፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊስት ይችላል። «ልጁ ገዝፏል» ስትባዪ ይሄን አስቢ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ለቁመት ብቻ ተብሎ ኦፕራሲዮን ቀድሞ አይያዝም። ልጁ በጭንቅላቱ ከመጣ፣ ሌላ ችግርም ከሌለ፣ ያልፋል አያልፍም የሚለውን የሚናገረው ምጡ ራሱ ነው። የሕፃን ራስ አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ እየተደራረቡ መንገዱን ይመስላሉ። የእናትየዋም የዳሌ መጋጠሚያዎች በእርግዝና ይላላሉ። እናቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንበርከክና ቁጢጥ ማለት መውጫውን ያሰፋዋል። በመጀመሪያዋ ልጄ ያዳነኝ መራመዴ ይመስለኛል። አዋላጇ «አትተኚ፣ ተነሺ» እያለች ኮሪደሩን ይዛኝ ትዞር ነበር፣ ሲደክመኝ አልጋውን አስደግፋ ታንበረክከኛለች። ያቺን ሴት እስካሁን እመርቃታለሁ።

ጥሩ አዋላጅ ምጥሽን በወረቀት ላይ እየመዘገበች ትከታተላለች። ማህፀንሽ አፉ 5 ሳንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ በመጀመሪያ ልጅ እንኳ ምጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት በላይ አይወስድም። ካልገፋ፣ የልጁም ራስ ካልወረደ፣ ያኔ ነው ኦፕራሲዮን የሚወሰነው። ያኔ ሲወሰን ደግሞ እሺ በዪ፣ ልጅሽን የሚያተርፍ ነውና አታቅማሚ። ያለምክንያት ከሆነ ግን ቁስሉ አለ፣ ደም መፍሰሱ አለ፣ በሚቀጥለው እርግዝናም ማህፀንሽ ላይ ጠባሳ ይዘሽ ነው የምታምጪው። እኔ አራተኛ ብወልድ ሆስፒታል ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተነግሮኛል።

ስለዚህ አንቺ ዘጌ ሆነሽ ምጥ መጠበቅ የለብሽም። ከዚያ ባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ሐይቁ እንዴት እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ሌሊት መኪናም አይገኝም፣ በምሽት መንቀሳቀሱ ራሱ ከባድ ነው። ዘጠነኛ ወርሽ እንደገባ ወደ ባሕር ዳር ነዪ። ዘመድ ካለሽ እሱ ጋ፣ ከሌለሽ ስለ እናቶች ማቆያ ጤና ጣቢያሽን ጠይቂ፤ ምጥ እስኪመጣ ነፍሰ ጡሮች የሚቆዩበት ቤት ነው። ኦፕራሲዮን መሥራት የሚችል ቦታ ነው መውለድ ያለብሽ። ደም የሚሰጥልሽ ሰው ከአሁኑ ለዪ፣ ባለቤትሽም ለመጓጓዣ ትንሽ ብር ለብቻ ያስቀምጥ። ቤት እያለሽ ቢጀምርሽ ሆድሽን ማንም እንዳይገፋልሽ፣ የምጥ መርፌም ሰፈር ውስጥ እንዳትወጊ፤ የጠበበ መንገድ ላይ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል።

አማትሽን አትጣያቸው። ያሉሽ ከክፋት አይመስለኝም፣ በዕድሜያቸው ያዩት ብዙ ነገር ይኖራል። በሚቀጥለው ክትትልሽ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። እኔን በመጀመሪያው እርግዝናዬ አንድ የጤና ባለሙያ ሰው በተሰበሰበበት «በዚህ ቁመት ማን አርግዢ አለሽ?» ብሎኝ ነበር። አልቅሼ ወጣሁና ሁለት ወር ክትትል ቀረሁ። ያኔ አብራኝ የሄደች አንዲት ሴት ብትኖር ኖሮ አልቀርም ነበር።

የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ። ሰው ከሌለሽ ቤቴ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ክትትሉም ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ። ገንፎውንም እኔ አገነፋልሻለሁ። ማርያም ትቅረብሽ።