መሪው ወደ ግራ ሲዞር ፊውዝ የሚያቃጥል ሞተር

ከዘጌ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የአሮጌውን ሆንዳ 125 ሽቦ ሙልጭ አድርገህ አውጥተህ ከቤት መብራት በተረፈ ሽቦ አዲስ ዘርግተሃል። አሁን መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ፊውዝ ይቃጠላል፤ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ የኋላው ፍሬቻ ይደበዝዛል። ሁለቱ ችግሮች አይገናኙም።

ከፊውዙ እንጀምር። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት እንዳትጠቀልልበት፣ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ! በፊውዙ ቦታ የ12 ቮልት 21 ዋት አምፖል በሁለት አጭር ሽቦ አስገባ። መብራቶቹን ሁሉ አጥፍተህ ቁልፉን ክፈትና መሪውን ቀስ እያልክ አዙር። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ቢበራ ግድ የለም፤ ቦግ ሲል ግን መሪውን እዚያው ያዝና አንገቱ ላይ ያለውን ሽቦ በጣትህ ነካ ነካ አድርገው። ስትነካው አምፖሉ የሚጠፋበት ቦታ ነው ችግሩ። እኔ በፈታኋቸው ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ፕላስቲኩ ተፍቆ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ መዳብ ብልጭ ብሎ ብረቱን ሲነካ ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ተለክቶ የተቆረጠ ሽቦ እንዲህ ይሆናል። በሲባጎ ለካ፤ አንዴ ግራ ጥግ፣ አንዴ ቀኝ ጥግ አዙረህ፣ ረጅሙን ውሰድ።

የፍሬቻው ጉዳይ ማሳ ነው፤ ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር ማለቴ ነው። የፍሬኑ መብራት ኃይል ወደ ባትሪ መመለሻ ሲያጣ በፍሬቻው አምፖል በኩል ዞሮ ይሄዳል። ፍሬን እንደያዝክ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንዱን ጫፍ የኋላው መብራት ማሳ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ በቴላዮው፣ በሞተሩ የብረት አጽም፣ አትመን፤ ቀለምና ዝገት አለበት። ለኋላ መብራቶች የራሳቸውን የማሳ ሽቦ እስከ ባትሪው ሳብላቸው።

የቤቱን ሽቦ ግን አውጣው ብዬ እለምንሃለሁ። አንድ ወፍራም መዳብ ስለሆነ በንዝረት ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር የመኪና ሽቦ ግዛ፦ ለባትሪና ለሬጉሌተር (የባትሪውን ቻርጅ ለሚቆጣጠረው) 2 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለፊት መብራት 1፣ ለፍሬቻ 0.75። ባለ 35 ዋት የፊት መብራት 3 አምፔር ገደማ ነው የሚወስደው፤ 15 አምፔር ዋና ፊውዝ ይበቃሃል፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። መጋጠሚያውን በተርሚናል ጨፍልቀው እንጂ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) አትበይደው፤ ስታኞው ያለቀበት ጠርዝ ላይ ሽቦው ይቆረጣል። ሐይቁ ዳር ስለምትኖር ጫፎቹን ሲሞቅ በሚጨማደድ ቱቦ ሸፍናቸው፣ እርጥበት ከገባ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል።

ናስትሮውን፣ ሽቦው ላይ የሚጠቀለለውን ፕላስተር፣ ለመጨረሻ ተወው። ሽቦውን ላላ አድርገህ አስረህ አንድ ሳምንት ባሕር ዳር ተመላለስበት፤ የተፋቀ ቦታ ካለ ያኔ ታየዋለህ።